«ቤቶች!» ብሎ የሚገባ አዲስ ነገር

ዛሬ የምገመግመው መጽሐፍ ደራሲ የለውም። ሽፋኑ ላይ የአይቢኤም ስም አለ፣ የእትም ቁጥር አለ፣ በቃ። በእንግሊዝኛ «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ ኦፐሬሽን» ይባላል፤ «የአሠራር መርሆች» እንደማለት ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባለው የሜይንፍሬም ቤተሰብ ብቅ ሲል ነው። ያኔ ከ200 ገጽ አይበልጥም ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሺህ ገጽ ገደማ ደርሷል። ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ቀልድ የለውም፣ «ለምን» የሚል ቃል ብርቅ ነው። ታዲያ ሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ይህ መጽሐፍ ስድሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ኪዳን ሲጠብቅ የኖረ ጽሑፍ ነው። ቃል ኪዳኑ አጭር ነው፦ በደንቡ የተጻፈ የትናንት ፕሮግራም ነገ በሚመጣው ማሽን ላይም ይሠራል። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ሐሳቤ ወደ ቦንጋ ይሄዳል። በካፋ ምድር አንድ ቋንቋ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ በሁለት የተለያዩ ፊደላት ለትምህርት ተጽፏል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የመሻገሩ ሥራ ደግሞ በአንባቢው ጫንቃ ላይ ወድቋል። ማሽን ለፕሮግራም የሰጠውን ክብር ለሰው ለምን ነፈግን? ጥያቄዬ ይኸው ነው። ወደዚያ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ማሽኑን በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

ከሲስተም 360 በፊት ትልቅ ኮምፒውተር መቀየር ማለት ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙን ሁሉ እንደገና መጻፍ ማለት ነበር። ጂን አምዳል፣ ገሪት ብላውና ፍሬድ ብሩክስ ያመጡት ትልቅ ሐሳብ ሁለት ነገሮችን መለየት ነው፦ ፕሮግራም ጻፊው የሚያየው ማሽን አንድ ነገር ነው፤ ከውስጥ ያለው ሽቦና ብረት ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን «አርክቴክቸር» አሉት። ብረቱ ይለወጥ፣ አርክቴክቸሩ ግን ቃሉን ይጠብቅ። መጽሐፉም የዚያ ቃል መዝገብ ሆነ።

ቃል መጠበቅ ግን ባሉበት መቆም አይደለም። የመጀመሪያው ሲስተም 360 የነበሩት ትእዛዞች ከመቶ ሃምሳ አይበልጡም፤ ዛሬ ከሺህ በላይ ናቸው። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ፕሮሰሰር ይመጣል፣ አዳዲስ ትእዛዞችም አብረውት ይመጣሉ፦ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚደምሩ፣ ጽሑፍ የሚያመሳጥሩ፣ መረጃ የሚያምቁ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አዲሱን ትእዛዝ በማያውቅ አሮጌ ማሽን ላይ ብታሠሩት ማሽኑ «ይህን አላውቅም» ብሎ ፕሮግራሙን ያቋርጠዋል። የሜይንፍሬም ሰዎች ይህን አሟሟት «ኤስ-ዜሮ-ሲ-አንድ» ብለው ይጠሩታል። አዲሱን ፈርታችሁ ጭራሽ ካልተጠቀማችሁ ደግሞ ውዱ ማሽን የተገዛው በከንቱ ነው።

መፍትሔው የኛን ሀገር ወግ ይመስላል። ሰው ቤት ስንሄድ ዘው ብለን አንገባም። ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን፣ ከውስጥ «ደጆች!» የሚል መልስ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ እንገባለን። ሜይንፍሬምም እንዲሁ የሚጠየቅበት ትእዛዝ አለው፤ «ምን ምን ትችላለህ?» ሲባል ረጅም የቢቶች ረድፍ ጽፎ ይመልሳል። በረድፉ ላይ እያንዳንዱ ቦታ የአንድ ችሎታ ነው። ለምሳሌ 129ኛው ቢት አንድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 ከዜድ13 ጋር የመጡት የቬክተር ትእዛዞች አሉ ማለት ነው። 151ኛው አንድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2019 በዜድ15 የመጣው መረጃ ማመቂያ ትእዛዝ አለ። ዜሮ ከሆነ የለም፤ በሌላ መንገድ ሂድ።

ይህን ጥያቄ እያንዳንዱ ፕሮግራም በየደቂቃው እንዲጠይቅ አይፈለግም። ዚ/ኦኤስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲነሣ ማሽኑን ይጠይቃል፣ መልሱንም ሁሉም በሚያውቀው የሜሞሪ ቦታ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ለአንድ ሥራ ሁለት መንገድ ይዞ ይጠብቃል፦ ፈጣኑ አዲስ መንገድ፣ ዘገምተኛው አሮጌ መንገድ። የማመቁን ሥራ እንውሰድ። መጀመሪያ ሥራው ሙሉ በሙሉ በሶፍትዌር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ለዚሁ የተለየ ካርድ መጣ። በ2019 ደግሞ ችሎታው ራሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ገባ። ለሲስተሙ «ይህን አምቅልኝ» የሚለው ፕሮግራም ግን በየትኛው መንገድ እንደተሠራለት ማወቅ አይጠበቅበትም። ውሉ አንድ ነው፦ የታመቀው ሲፈታ የመጀመሪያው መረጃ ሳይጎድል ይወጣል። ፍጥነቱ ይለያያል፣ ትርጉሙ አይለያይም።

ኮምፓይለሩም ላይ ይኸው ምርጫ አለ። ፕሮግራሙን የሚያዘጋጀው ሰው «ከዚህ ትውልድ በታች ባለ ማሽን ላይ አይሠራም» ብሎ ወለል ይወስናል። ወለሉን ከፍ ካደረገ አዳዲሶቹን ትእዛዞች ያለ ጥያቄ ያገኛል፤ አሮጌ ማሽን ያለውን ደንበኛ ግን ያጣል። ማን እንደሚቀር አውቆ የሚወስነው ውሳኔ ነው።

የአይቢኤም ሰዎች ለዚህ ሁሉ ሁለት ቃላት አሏቸው፤ ለሐያሲ እንደ ወርቅ የሚሆኑ ቃላት ናቸው። አዲስ ማሽን ሲወጣ የቆየው ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጀመሪያ የሚሰጠው ድጋፍ የመቻል ነው፦ የአዲሱን ማሽን አዲስነት አይጠቀምበትም፣ ግን ሳይወድቅ ይሠራበታል። ቀጥሎ የሚመጣው የመጠቀም ድጋፍ ነው፦ አዲሶቹን ችሎታዎች አውጥቶ ይሠራባቸዋል። አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው ይበልጣል። በእኛ ቋንቋ «ቻለ» ስንል «ታገሠ፣ ተሸከመ» ማለታችንም ነው፣ «አቅም አገኘ» ማለታችንም ነው። ችሎ ያደረ ነው ኋላ የሚችለው። የሜይንፍሬሙ ቅደም ተከተልም ይኸው ነው፦ መጀመሪያ መታገሥ፣ ቀጥሎ መጠቀም። አንዱን ዘለው ወደ ሌላው አይሄዱም።

መጽሐፉን እንደ ጽሑፍ ስናየው ደግሞ ትልቁ ጥበቡ ያልተናገረው ላይ ነው። በየገጹ «ይህ ቦታ ለወደፊት የተጠበቀ ነው፣ ዜሮ አድርገህ ተወው፤ አለዚያ ፕሮግራምህ ነገ ላይስማማ ይችላል» የሚል መንፈስ ያለው ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ ቦታ ላይም ውጤቱ «ሊተነበይ አይችልም» ይላል። ሲያነቡት ስንፍና ይመስላል፤ ግን ሐቀኝነት ነው። ቃል ያልገባሁበትን ነገር ቃል እንደገባሁ አትቁጠሩብኝ፣ ነገ የምሠራበት ቦታ ተዉልኝ ማለት ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከራስ ስሕተት የተገኘ ትምህርት ነው። ሲስተም 360 አድራሻ የሚጽፍበት ቦታ 32 ቢት ነበር፣ ማሽኑ ግን የሚያነበው 24ቱን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ስምንቱን ችላ ይላቸዋል። አጥር የሌለው ባዶ ቦታ ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ፕሮግራም ጻፊዎች ሰፈሩበት፤ ምልክት አኖሩበት፣ ትናንሽ ማስታወሻ አስቀመጡበት። 24 ቢት የሚያደርሰው 16 ሜጋባይት ድረስ ብቻ ነበርና አድራሻውን ማስፋት ሲያስፈልግ ባለ ይዞታዎቹን ማፈናቀል አልተቻለም። ስለዚህ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የመጣው መስፋፋት 32 ቢት ሳይሆን 31 ቢት ሆነ። አንዷ ቢት ለአሮጌው ነዋሪ ተተወች፤ በአሮጌውና በአዲሱ አድራሻ መካከልም መለያ ሆና አገለገለች። እ.ኤ.አ. በ2000 64 ቢት ሲመጣም ሁለቱ አሮጌ አሠራሮች አልጠፉም፤ ሦስቱም ዛሬ በአንድ ማሽን ላይ አብረው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ማሞገስ ብቻ ትክክል አይሆንም። ተኳኋኝነት ዋጋ አለው፦ የድሮ መጥፎ ውሳኔም አብሮ ይኖራል፣ አዲሱ ሰው የአያቶቹን ስሕተት ማጥናት አለበት። ደግሞም ቃል ኪዳኑ ለፕሮግራሙ እንጂ ለአሮጌው ብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዚ/ኦኤስ 2.5 ከዜድ13 በታች አይሠራም፤ በ2023 የወጣው 3.1 ደግሞ ከዜድ14 በታች አይነሣም። ወለሉ ከፍ ይላል። ችሎታም ሊወሰድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ትራንዛክሽናል ኤክሲኪዩሽን የተባለው ችሎታ ወደፊት በሚመጡ ማሽኖች ላይ እንደማይኖር አይቢኤም በ2022 ዜድ16ን ሲያቀርብ አስቀድሞ አሳወቀ፤ የሚጠቀሙበትም ሁልጊዜ ቢቱን አይተው እንዲሠሩ መከረ። «ቤቶች!» ማለት ለሚመጣ ነገር ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ቤቱ ባዶ የሆነ ዕለትም ያድናል።

አሁን ወደ ቦንጋ።

የካፋ ሕዝብ ቋንቋ ካፊኖኖ ይባላል፣ የካፋ አፍ እንደማለት ነው። ስሙን አሁን የጻፍኩበትን መንገድ እዩልኝ። «ኖኖ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱ አናባቢዎች ግን ሲነገሩ ረጃጅም ናቸው። የእኛ ፊደል ያንን ርዝመት አልያዘልኝም። ካፊኖኖ አምስት አናባቢዎች አሉት፣ እያንዳንዱም አጭርና ረጅም አለው፤ ስለዚህ አሥር ይሆናሉ። ፊደላችን ሰባት ቤት አለው። ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ቤት የለውም። መጥበቅና መላላትንም አያሳይም፤ ይህ እንኳ የአማርኛም ችግር ነው፤ «አለ» ብሎ ጽፎ «ተናገረ» ይሁን «ይኖራል» አንባቢው ይፈታዋል። ስለዚህ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፍ ያሉ ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት ሐሰት ነው። ላቲን ላይ አናባቢውን ደግሞ መጻፍ ርዝመቱን ያሳያል፣ ተናባቢውን ደግሞ መጻፍ መጥበቁን ያሳያል። የ24 ቢት አድራሻ እንደጠበበው ሁሉ ፊደሉ ለዚህ ቋንቋ ጠቧል።

በሌላ በኩል ፊደሉ ለካፊኖኖ የተዘጋጀ የሚመስልበት ቦታም አለ። ቋንቋው ውስጥ ያሉት ፈንጂ ድምፆች፣ እነ ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጰ፣ በፊደላችን ላይ ቤታቸው ተሠርቶ ነው የተገኘው። ላቲን እነዚህን ለመጻፍ የሌላ ድምፅ ምልክት መዋስ ወይም ሁለት ምልክት ማጣመር ግድ ይለዋል። ልጁ በኋላ እንግሊዝኛ ሲማር ያንኑ ቅርጽ በሌላ ድምፅ ያገኘዋል። በሜይንፍሬሙ መጽሐፍ ዓይን ይህ ከባድ ነገር ነው፦ አንዴ ትርጉም ለተሰጠው ቁጥር ሌላ ትርጉም መስጠት።

ታሪኩን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። ካፊኖኖን በላቲን መጻፍ ከውጭ አጥኚዎች የጀመረ ነው። ሊዮ ራይኒሽ የካፋን ቋንቋ ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1888 አሳተመ፣ የካፋ መንግሥት በ1897 ከመውደቁ በፊት ማለት ነው፤ ኤንሪኮ ቼሩሊ ደግሞ በ1951። እነዚህ ለሊቃውንት የተጻፉ ናቸው። ተራው ሰው በገዛ ቋንቋው ማንበብ እንዲማር በስፋት የተሠራው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ከእነርሱ አንዱ «ከፋ-ሞቻ» በሚል የተጠራው ነበር። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፤ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ካፊኖኖ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆነ፣ የተመረጠለት ፊደል ግን ላቲን ነው።

አንድ አባት አስቡ። ጊምቦ ወይም ዴቻ ውስጥ፣ በዘመቻው ጊዜ ማታ በኩራዝ ፊደል የቆጠሩ። በገዛ ቋንቋቸው የተጻፈ ነገር ማንበብ ችለዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ልጃቸው ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ቋንቋው የእርሳቸው ነው፤ ልጁ ሲያነብላቸው እያንዳንዱ ቃል ይገባቸዋል። ገጹ ላይ ሲያዩ ግን አንድም አያውቁም። «አባዬ፣ ይህን አስረዱኝ» ቢላቸው ምን ይላሉ? ማንበብ የሚችሉ ሰው በአንድ የፖሊሲ ውሳኔ እንደገና መሃይም ሆኑ። ይህ የሰው «ኤስ-ዜሮ-ሲ-አንድ» ነው፦ «ይህን አላውቅም» ብሎ መቆም። ማሽን ቢሆን ኖሮ መሐንዲሶቹ ተሯሩጠው ያስተካክሉት ነበር። ሰው ሲሆን ግን «ከዘመኑ ጋር ያልሄደ» ይባላል።

ከሁሉ የሚቆጨኝ የጊዜው አለመገጣጠም ነው። ላቲን በተመረጠበት ዘመን ፊደላችን በኮምፒውተር ላይ ገና መድረሻ አልነበረውም፤ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በ2005 ለመኢን፣ ለብሊንና ለሌሎችም የሚሆኑ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። በ2010 ደግሞ ለጋሞ-ጎፋ-ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ። እና ከፊደላቱ ጋር ለነገራችን ዋና የሆነው ገባ፦ ከፊደል አናት ላይ የሚቀመጡ ምልክቶች። የማጥበቂያው በ2005፣ የርዝመት ምልክቱ በ2010። ዩኒኮድም እንደ ሜይንፍሬሙ መጽሐፍ አንዴ የሰጠውን ቁጥር አይነሣም፣ አያዛውርም።

እነዚህ ምልክቶች ተኳኋኝነት ምን እንደሚመስል ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። የርዝመት ምልክቱ ከ«ኖ» አናት ላይ ሲቀመጥ «ኖ»ን አይለውጠውም። ምልክቱን የሚያውቅ አንባቢ አስረዝሞ ያነባል፤ የማያውቀው አባት ምልክቱን ዘልለው «ኖ» ይላሉ፣ ቋንቋው የገዛ ቋንቋቸው ነውና ርዝመቱን ራሳቸው ይጨምሩበታል። አዲሱ ችሎታ አለ፣ አሮጌው አንባቢም አልወደቀም። ይህ ነው ጨዋ መስፋፋት። ግን ዘግይቶ መጣ፤ እስከ ዛሬም እንኳን በካፊኖኖ በአማርኛም የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። ችለነዋል፣ አልተጠቀምንበትም።

ታዲያ ወደ ግዕዝ ፊደል እንመለስ እያልኩ ነው? አይደለም። እንዲያ ብል የመጀመሪያውን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ነው። አሁን ደግሞ በላቲን የተማሩት፣ በላቲን የሚያስተምሩት፣ በላቲን የጻፉት አሉ። አሮጌው ፕሮግራም ዛሬ እነርሱ ናቸው። እነርሱን በአንድ ደብዳቤ መሃይም ማድረግ ያው በደል ነው። ደግሞም ቦንጋ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት፣ የክልሉም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የካፋ ልጅ ወደደም ጠላም ሁለቱንም ፊደል ይማራል፤ ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓት በሌላው። ሁለቱ መንገዶች ቀድሞውንም እርሱ ውስጥ አሉ። የጎደለው ከላይ ሆኖ የሚያገናኛቸው ነው።

የምለው ይህን ነው፦ ሸክሙን ሠሪው ይሸከም እንጂ ተጠቃሚው አይሸከም። ዚ/ኦኤስ ሁለት መንገድ ይዞ የሚጠብቀው ለፕሮግራሙ ብሎ ነው። አሳታሚና ትምህርት ቢሮም ይህን ማድረግ ይችላሉ። የአንደኛ ክፍል የካፊኖኖ መማሪያ ላይ ከላቲኑ ሥር በትንሹ በግዕዝ ፊደል፣ ከነርዝመት ምልክቱ፣ አንድ መስመር ማተም ስንት ቀለም ይፈጃል? የካፊኖኖ አጻጻፍ ሥርዓት ያለው ስለሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው መለወጥ ደንብ ያለው ሥራ ነው፤ ስልክ ላይ በሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ሊሠራ ይችላል። ያኔ አባትየው ከልጃቸው ጎን ተቀምጠው ያነባሉ። ልጁ ላቲኑን ያያል፣ እርሳቸው ፊደላቸውን ያያሉ፣ ከሁለቱም አፍ የሚወጣው አንድ ቃል ነው። ፍጥነቱ ይለያያል፣ ትርጉሙ አይለያይም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸፋፍን ልናገር። አይቢኤም ይህን ሁሉ ያደረገው በጨዋነቱ አይደለም። የዓለም ትልልቅ ባንኮች፣ አየር መንገዶችና የመድን ድርጅቶች ገንዘባቸውን በእነዚያ አሮጌ ፕሮግራሞች ላይ አስረውታል፤ ፕሮግራሙ ቢወድቅ ደንበኛው ይሄዳል። አሮጌው የሚከበረው ከጀርባው ከፋይ ስላለው ነው። የዴቻው አባት ከጀርባቸው ማንም የለም። የገዛ ቋንቋቸው መጽሐፍ ሲዘጋባቸው የሚያስተላልፉት ክፍያ፣ የሚሰርዙት ውል የላቸውም። ለዚህ ነው መጽሐፉን በቅናት ያነበብኩት።

መጽሐፉ ራሱ ስለዚህ አንድ ቃል አይናገርም። «ለምን» አይወድም ብያለሁ። በሁለት ሺህ ገጽ ውስጥ የሚናገረው ግን አንድ ነገር ነው፦ ቀድሞ የገባውን ሰው ሳታስወጣ ግባ። የቦንጋ ሰው ይህን ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ በሩ ላይ በየቀኑ ይለዋል። የሚቀረው የፊደል ውሳኔ የሚወስኑት ሰዎችም ቤቱ ደጅ ቆመው እንዲሉት ነው።